አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ደመወዝ

ደርቤ እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስምንት ወር የደበቅኩትን ቅዳሜ ካልነገርኩት፣ አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ይዘረግፈዋል። አባቴ ደመወዜን ያላወራለት የደባርቅ ሰው ከደርቤ በቀር የለም።

የተዋወቅነው ዳባት ለሥራ ስንፈተን ነው። ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረን ሳለ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። አጠገቤ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ ጮኸ፤

«ሴቭ አድርጊ! ሊሄድ ነው!»

እጄ ታዘዘው። መብራቱ ሄደ። የስንቱ ሥራ ጠፋ፤ የእኔ ተረፈ።

«እንዴት አወቅህ?»

«የእኛ ኮሌጅ ጀነሬተር አልነበረውማ! አራት ዓመት የለመድኩት ይሄንኑ ነው።»

ሳቅን። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ እኔም አልነቀልኩም።

እሱ አንደኛ፣ እኔ አራተኛ ወጣን። ሁለታችንም እዚያው ዳባት ተቀጠርን፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዓይነት ሥራ። የእኔ ደብዳቤ ግን አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይላል፣ የእሱ ሰባት ሺህ። እኔ አዲስ አበባ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ እሱ እዚሁ ደባርቅ፣ አንዲት የግል ኮሌጅ። ለመሆኑ መሥሪያ ቤቱ የቀጠረው ሰውን ነው ወይስ የተማረበትን ግቢ? ሲስተሙ ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ፣ ብሩ የሚገባው ለእኔ! ይህ ዘረፋ ነው። ዝም ያልኩት እኔም ተባባሪ ነኝ።

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ደርቤ ኩሩ የጃናሞራ ልጅ ነው፤ በደመወዝ ከእኔ አንሶ ከሚያፍር ይርቀኛል።

ቅዳሜ ከሥራ ወደ ደባርቅ ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነገርኩት።

«ደመወዜን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«እንደኔ ነዋ! ምን ይጠየቃል?»

«በአምስት ሺህ ይበልጣል።»

ሳቀ። ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል። ከተማው መግቢያ ላይ «ወራጅ አለ!» አለና ወረደ፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ስልኩን ዘጋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ቀርቷል ሊሉ መጡ ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከፊት ቄስ ተክለ ማርያም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ አቶ ያርጋል። ልጅዎን ለልጃችን ለደርቤ ልንጠይቅ ነው። ግን አስቀድማችሁ ንገሩ ብሎናል፤ ደመወዙ ከእሷ በአምስት ሺህ ያንሳል። በኋላ ሰማሁ እንዳይሉ።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ስጦታ! ነይ እስቲ። ይሄ ልጅ ሥራው እንዴት ነው?»

«እኔን የሚያስተምረኝ እሱ ነው፣ አባዬ። ፈተናውንም አንደኛ የወጣው እሱ ነው።»

«አንደኛ አንቺ አልነበርሽም?»

«አራተኛ ነኝ። ለሰው ስታወራ ማረም ፈርቼ ነው።»

አባቴ ግንባሩን አሸ። ከዚያ ወንበሩን ጎትቶ ወደ ቄሱ አስጠጋ።

«እንግዲያው የሚታፈርበት እሱ አይደለም። ይቀመጡ፣ አባ።»

ቄስ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

ሰኞ ደርቤ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ይዞልኝ ጠበቀኝ።

«ተቆጥተህ ነበር?»

«በጣም። ደግሞ ፈራሁ፤ አባትሽ እንቢ ቢሉስ ብዬ።»

ቢሮ እንደገባን አቤቱታውን መጻፍ ጀመርኩ፤ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈለን የሚል። ሁለታችንንም ሊያባርሩን ይችላሉ። ደርቤ ወንበሩን አስጠግቶ በጆሮዬ፣

«ሴቭ አድርጊ» አለኝ።