ከሰል የማይገባበት ቤት

የሃምሳ አለቃ መዝገቡ አስከሬን በረንዳው ላይ በነጠላ ተሸፍኗል። ግቢው መሀል ውሃ የተደፋበት የከሰል ማንደጃ ተገልብጦ ወድቋል። ላፍቶ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድባት አድሮ የቅዳሜው ጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብር ነበርና፣ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ከሰል ገደለው።»

ኢንስፔክተር ገላኔ ለታ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየች። ታውቀዋለች። ሐሙስ ዕለት ጣቢያ ድረስ መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «ከድንበር ማዶ የተሠራ ጥፋት ለማን ነው የሚነገረው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ስልኳ ይጮኽ ነበር፤ ደጅ የቆመም ሰው ነበረባት። «ሰኞ ና» አለችው። ሰኞ ሳይደርስ እሷው መጣች።

ሬሳውን ያገኙት የቤቱ አከራይ፣ አሮጊቷ አዴ ቡዜ ናቸው። ከበሩ ስር የሚወጣው ሽታ አላስቀምጥ ቢላቸው አንኳኩ፤ መልስ ሲያጡ በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» አለች ገላኔ።

«ጥርቅም ተደርጎ ነዋ፣ ልጄ። የእሱ ቁልፍ ትራሱ ስር ነው። መስኮቱም ተዘግቷል፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ክረምት ከበጋ ከፍቶት ነበር የሚተኛው።»

«ማንደጃውስ የት ነበር?»

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልጋው ስር። በጨርቅ ይዤ ጎትቼ ወደ ግቢው ወረወርኩት። የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል? ብቻዬን ነበርኩ።»

«እንግዲያው ይህን ለማንም እንዳይናገሩ። ለባለቤቱም ቢሆን።»

ገላኔ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። የከሰል ጆንያ የለም፤ ግድግዳው ላይ የጥላሸት ምልክት የለም። በረንዳው ጥግ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ግን፣ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ክብ ቀርቷል። ከሰሉ የተቀጣጠለው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ሦስት ወታደሮችና አንድ የሲቪል ሸሚዝ የለበሰ መለሎ ወጣት ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል።

የሟቹ ሚስት ራኬብ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን በአዳር ጸሎት አሳልፋ፣ ከወንድሟ ከኤልዳድ ጋር ጠዋት ነው የደረሰችው። እንባዋ አልቆ ዓይኗ ደርቋል።

«እኛ ቤት ከሰል አይገባም» አለች። «ከዘመቻው ከተመለሰ ጀምሮ እሳት ማየት አይወድም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከለኮስኩ ወጥቶ ደጅ ይቆማል።»

«የምን ዘመቻ?»

«ደቡብ ሱዳኖች እርስ በርስ በሚዋጉበት ጊዜ ታጣቂዎች ድንበር ጥሰው ልጆች ወስደው የለ? እነሱን ሊያስመልሱ ተሻግረው ነበር። ጥቂት ቀን ነው የቆዩት። ልጆቹን አቅፈው ሲመለሱ በእልልታ ነው የተቀበሏቸው። ፎቶው የዚያን ጊዜ ነው። እሱ፣ ኤልዳድ፣ ተካ፤ ረጅሙ ደግሞ አስተርጓሚያቸው ቾል። ያ ነገር ሲነሳ ግን ባሌ እህል አይቀምስም ነበር።»

«ማታ ይተኛል?»

«በመድኃኒት። ከዋጠው ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። ይህን የምናውቀው እኔና እነዚሁ ሦስቱ ነን።»

«የአንቺ ቁልፍ ሌሊቱን የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። መድረክ ላይ ስንዘምር ቦርሳዬን ኤልዳድ ይይዝልኛል፤ ጠዋት ስንወጣ እንዳለ ሰጠኝ።»

ተካን ኃይሌ ጋርመንት አደባባይ፣ ሚኒባስ ታክሲውን ተራ አስይዞ አገኘችው። ሐሙስ ማታ ከመዝገቡ ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሰምቷል።

«አዎ፣ ተጣልተናል» አለ ተካ መሪውን እንደያዘ። «እሁድ ምሳ ላይ ለቾል አንድ ነገር ልንገረው አለ። እኔ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት አይሆንም፣ ለብቻው እንንገረው አልኩት።»

«ምንድን ነው የሚነገረው?»

ተካ የጎን መስታወቱን አስተካከለ። ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። «ቾል ሳይሰማ ለእርስዎ ብናገር ሁለተኛ በደል ነው» አለ በመጨረሻ። «እሱ ይስማና ያኔ ይሰሩኝ።»

ቾል ለቡ ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነው። ገላኔን ሲያናግር ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«የእህቴ ልጅ ኛማል ከተወሰዱት አንዷ ናት። ብዙዎቹ ተመለሱ፤ እሷ አልተመለሰችም። እህቴ እስከ ዛሬ ትጠብቃታለች። ማዶ የሆነ ሰው ቤት አድጋ ይሆናል ትላለች።»

«እነ መዝገቡስ ምን ይሉህ ነበር?»

«መዝገቡ ዝም ነው የሚለው። በየእሁዱ ምሳ ግን ያለ እኔ አይበላም ነበር። ከምሳ በፊት ኤልዳድ ለኛማል ይጸልይልናል። ዓርብ ዕለት መዝገቡ ደውሎ ‹እሁድ ቀደም ብለህ ና› አለኝ። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።»

የቀረው ኤልዳድ ነው። በቅርቡ መጋቢ ሆኖ ሊሾም የተመረጠ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል፤ እንባውም የውሸት አይመስልም።

«ሌሊቱን ጸሎት ላይ ነበርኩ። እህቴን ይጠይቋት» አለ።

«መዝገቡ ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«ጭንቀት ነበረበት። ባይሆንማ ኖሮ፣ ያን ያህል ዘመን የውትድርና ልምድ ያለው ሰው እሳት አልጋው ስር ከትቶ ይተኛል?»

ገላኔ ራሷን ነቅንቃ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ አምስቱን ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው። ራኬብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ኤልዳድ አጠገቧ። አዴ ቡዜ በርጩማ ያዙ። ተካና ቾል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«መዝገቡ ይህን ከሰል አላስገባም» አለች ገላኔ። «ሻማ የሚሸሽ ሰው እሳት አቅፎ አይተኛም። መስኮቱንም አይዘጋም። መድኃኒቱን ውጦ ከተኛ በኋላ አንድ ሰው በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥሎ አስገባ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ በሩን ከውጭ ቆልፎ ሄደ። የመዝገቡ ቁልፍ ትራሱ ስር ነበር። የቀሩት ቁልፎች ሁለት ናቸው፤ የአዴ ቡዜና የራኬብ።»

«እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ!» አለች ራኬብ።

«ነበርሽ፤ ስትዘምሪ ሁሉም አይቶሻል። ቦርሳሽ ግን ከአንቺ ጋር አልነበረም። መድረክ ላይ ሆነሽ አዳራሹ ውስጥ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ ታያለሽ?»

ራኬብ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቦርሳ መያዝ ወንጀል ሆነ?» አለ ኤልዳድ።

«አልሆነም። ቅዳሜ ዕለት ግን ‹እሳት አልጋው ስር ከትቶ› አልከኝ። አንተ ስትደርስ ማንደጃው ግቢ ውስጥ ነበር፤ አስከሬኑም በረንዳ ላይ። አልጋው ስር እንደነበረ ማን ነገረህ?»

«አዴ ቡዜ ናቸዋ።»

«እኔ?» አሮጊቷ ከበርጩማቸው ተነሱ። «ለገዛ ልጆቼ ያልነገርኩትን? አንተ ሰው፣ እግዜርን ፍራ!»

ገላኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «መዝገቡ ሐሙስ ዕለት ሊናገር እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ሰኞ ና ብዬ መለስኩት። ሰምቼው ቢሆን ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ይህ የእኔ ዕዳ ነው። ከእኔ ከተመለሰ በኋላ ያሰበውን የነገረው አብረውት ለዘመቱት ለሁለቱ ብቻ ነው። ተካ አብሮት ሊናገር ፈቀደ። ሁለተኛው አልፈቀደም። ተካ፣ አሁን ቾል እዚህ አለ።»

ተካ ከግድግዳው ተላቅቆ ቾል ፊት ቆመ። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«አንተ ልጆቹን ይዘህ ወንዙ ዳር ነበርክ» አለ። «ከመጨረሻው መንደር ተተኮሰብን። ኤልዳድ ተኳሹን ላስወጣ ብሎ የአንዱን ጎጆ ሣር ለኮሰ። ወዲያው የልጅ ድምፅ ሰማን። መዝገቡ እሳቱ ውስጥ ገባ፤ ግን አልደረሰላትም። አንገቷ ላይ ያ ሰማያዊ ጨሌ ነበር፤ አንተ የኛማል መለያ ብለህ ስትነግረን የነበረው። እዚያው ቀበርናት። ‹ማንም የለም› ያልንህ ሦስታችንም ነን። እኔም ነኝ።»

ቾል ወደ ኤልዳድ ዞሮ፣ በጣም በዝግታ፣ «ግን ስትጸልይላት ነበር» አለ።

ኤልዳድ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ልጅ እንዳለች አላወቅሁም ነበር፤ አምላኬ ምስክሬ ነው። መጀመሪያ የጸለይኩት እህትህ በስልክ ስታለቅስ ሰምቼ ነው። እሁድ ሲመጣ ደግሞ ጠየቅከኝ። የቀበርኳትን ልጅ ‹መልሳት› እያልኩ ስንት ጊዜ አሜን አስባልኩህ! እሳቱን ይቅር ትለኝ ይሆናል። ጸሎቱን ስታስታውስ የምታየኝን አስተያየት ነው የፈራሁት። መዝገቡን ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም› አለኝ። እሱ ከሌለ ተካ ብቻውን አይደፍርም ብዬ ነበር።»

«እኔ እየዘመርኩ» አለች ራኬብ። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «እኔ እየዘመርኩ፣ አንተ በእኔ ቁልፍ።» ከወንድሟ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ አላየችውም።

ኤልዳድ ሳይከራከር እጁን ለካቴና ዘረጋ። ተካ ማንም ሳይጠራው ተከተለ፤ ቃሉን ሊሰጥ።

ቾል ድንኳኑ ጀርባ ቆሞ ስልኩን በእጁ ያገላብጣል። ገላኔ ወደ እሱ ሄደች።

«እህቴ በየክረምቱ ለኛማል በዕድሜዋ ልክ ቀሚስ ትገዛለች» አለ። «አሁን ምን ልበላት?»

ገላኔን መኪናው ውስጥ እስረኛ ይጠብቃታል፤ ስልኳም ይጮኽ ጀመር። አውጥታ አጠፋችው። «አብሬህ ልቁም?» አለችው።

ቾል ራሱን ነቀነቀና ደወለ። በቋንቋው ተናገረ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ተናገረ። ገላኔ ከቃሉ ሁሉ የለየችው የልጅቷን ስም ብቻ ነው። ከዚያም ከስልኩ የወጣው የእናት ጩኸት አስተርጓሚ የሚፈልግ አልነበረም።