በስሙ የተጠራችው ሽሪምፕ

ቀጭ።

ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና፣ ቀጭ።

መብራት ጠፍቷል። የባሕር ምርምር ጣቢያው የገንዳ ክፍል መስኮት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ሰው የገዛ መዳፉን አያይም። የጣቢያው ሠዓሊ ጆሮ የሥዕል ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ባለበት ቆመ። ጆሮ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የውሃ መሳቢያው ሊበላሽ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሞ ድምፁን ስለሚሰማ የጣቢያው ሠራተኞች የለጠፉበት ነው፤ እሱም ለምዶታል።

ቀጭ።

«ይቅርታ፣» አለ ወደ ጨለማው፣ «ጣትዎን ማንቋቋቱን ቢተዉልኝ።»

«ውይ፣ እኔ እኮ አንተ መስለኸኝ ነው ችዬህ ዝም ያልኩት፣» አለች አንዲት ሴት። ድምፅዋ ቅርብ ነበር፣ ክንድ ቢዘረጋ የሚደረስበት።

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም።»

ሁለቱም አዳመጡ። ያ ሦስተኛው፣ ማንም ያልጠየቀው፣ ቀጭ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ሦስት ነን ማለት ነው፣» አለች።

እየሳቁ ሳሉ መብራቱ መጣ። በመካከላቸው የጣቢያው ጀልባ ነጂ ጠዋት አምጥቶ ያስቀመጠው ባልዲ ነበር፤ በባልዲው ውስጥ ቡጢ የሚያህል የባሕር ስፖንጅ፤ ከባልዲው ማዶ ደግሞ ነጭ ጋውን የሰፋት፣ በዚያው ሳምንት በኮንትራት የተቀጠረች ልጅ። ማን ማንን አስቀድሞ እንዳየ በኋላ ብዙ ተከራክረውበታል። እሱ ስፖንጁን ነው ያየሁት ይላል። ውሸቱን ነው።

በስፖንጁ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሽሪምፖች፣ ቅርፊት የለበሱ የባሕር ፍጥረታት፣ ይኖሩ ነበር፣ ሴትና ወንድ። ትልቅየዋ ሴቷ ብትሆንም ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። አንደኛው መቆንጠጫዋ ግን የሰውነቷን ያህል ነው፤ ያንን ስትገጥመው ነው የምትጮኸው። እንዲህ የሚጮኹ ሽሪምፖች በባሕር ውስጥ ሞልተዋል። የዚች ግን ከዓይኖቿ በላይ ያለው ሹል ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። በጣቢያው ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አገላበጡ፤ ከየሙዚየሙ የተላኩ ሥዕሎችን አስተያዩ። እሷን የሚመስል የለም።

«አዲስ ናት፣» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ ብትናገር የምትሸሽባት ይመስል።

ሥራውን አብረው ያዙት። እሱ በማይክሮስኮፑ ላይ በተገጠመው መስታወት እያየ ይስላል። እሷ በቀጭን መርፌ የሽሪምፗን እግሮች አንድ በአንድ እየነቀለች በመስታወት ላይ ታሰልፋለች። ያ እግር ከሰው ፀጉር ይቀጥናል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ አለቀለት። የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር። ሠራተኞቹ ብዙም ሳይቆዩ መርፌ አሏት፤ ለእጇ ይሁን ለአፏ ግን አልተስማሙም።

መርፌ አንድ እግር ስትነቅል ትንፋሿን ትይዛለች። ጆሮም ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል። እግሩ ደህና ሲወጣ ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ፣ ይተያያሉ። ከእነዚያ መተያየቶች በአንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፣ ልቡን የሰጣት።

«ስሟን ማን እንበላት?» አለችው አንድ ከሰዓት፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ።

«በኔ ስም።»

«ነውርህን አታውቅም እንዴ? አዲስ ዝርያ አጥንቶ በጽሑፍ የሚገልጽ ሰው ለራሱ መታሰቢያ አያቆምም። የሚያስር ሕግ ባይኖረውም ዕድሜ ልክህን ነው የሚሳቅብህ።»

«እሺ፣ በአንቺ ስም።»

«እኔስ ገላጭ አይደለሁ? ከጽሑፉ አናት ላይ ሁለታችንም ካለን ለሁለታችንም አይሆንም።»

«እንግዲያው ስፖንጅ ነዋሪት እንበላት።»

«አቤት ድርቀትህ። የሚያገባህ ሰው መቼም ጉድ ፈላበት።»

«ማን ይሆን?»

መርፌ ማይክሮስኮፑን እንደገና አስተካከለች። ፊቷ ግን እስከ አንገቷ ቀላ።

ዳይሬክተሩ እንደ ሁለቱ ላሉ የኮንትራት ሠራተኞች ነገሩን በግልጽ ነግረዋቸው ነበር፤ ቋሚ ቦታ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ አዲስ ዝርያ ገልጾ ያሳተመ ሰው ይቀድማል፣ የቀረው ኮንትራቱ ሲያልቅ ይሰናበታል። መርፌን አባቷ በየሳምንቱ እየደወሉ ያስጨንቋታል። «ቋሚ ሥራ ካልሆነ መጥተሽ ሱቁን ያዢ፤ የባሕር ትል ስትቆጥሪ አርጅተሽ ልትቀሪ ነው?» ይሏታል። ጆሮን የሚያስጨንቀው የለም። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ሰዎች ባገኙት ነገር ላይ ሥዕል ሲሠራ ኖሯል፤ አሁን አንዴ፣ ያገኘው ሰው ተብሎ ከጽሑፍ አናት ላይ መጻፍ ፈለገ።

«ሁለታችንም እንጻፍ፣ ከዚያ ዳይሬክተሩ ይምረጡ፣» አላት። «አንዳችን ከገባን ሁለታችንም ገባን ማለት ነው። ከወደቡ አጠገብ ቤት እንከራያለን።»

«ሁለት ክፍል ያለው፣» አለች።

«ሁለት ክፍል ያለው።»

ሥዕሎቹ ባለቁበት ሰሞን የጆሮ እናት ዓይናቸውን ሊታከሙ ሆነ፤ አስታማሚ ያስፈልጋቸዋል። «ሂድ፣ እናት ትቀድማለች፣» አለችው መርፌ። «የቀረውን ልኬት እኔ ጨርሼ ጽሑፉን ለመጽሔት እልከዋለሁ።» አውቶቡስ ተራው ድረስ ሸኘችው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ከተስተካከለም በኋላ እጇን አላነሳችም።

ሲመለስ ጠየቃት። «ተልኳል፣» አለች። ከወር በኋላም ጠየቃት። «የመጽሔቱ ገምጋሚ እኮ ነው፤ እሱ እስኪደላው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።» ከዚያ ወዲህ እሱ ስለ ሽሪምፗ ሲያነሳ፣ እሷ ስለ እናቱ ዓይን ታነሳ ጀመር። አሳቢነቷን ወደደላት። ሌላ ነገር አልታየውም፤ የወደደ ሰው መቼ ይታየዋል።

ነገሩን የሰማው ከጀልባ ነጂው ነው።

«እንደምን አደርክ፣ አንተ ሽሪምፕ፣» አለው ሽማግሌው ጠዋት ወደቡ ላይ ገመድ እየጠቀለለ።

«ምን አልክ?»

«አይ፣ ዛሬማ ጆሮም አይደለህ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥተህ የለ እንዴ? ከእንግዲህ መረብ ውስጥ ከገባህ መልሼ ባሕር ነው የምከትህ፣ እወቀው።»

ሮጠ። የታተመው ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ ያየው የሽሪምፗን ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው የራሱ ትክክለኛ ስም፣ በባዕድ ፊደል፣ ከኋላው እንደ ጅራት ጥቂት ፊደላት ተቀጥለውበት። ልቡ በደስታ ዘለለ። መርፌዬ፣ አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ገላጮቹ ወደሚጻፉበት ወጣ። እዚያ አንድ ስም ብቻ አለ፤ የእሷ። ወረደ። በገጹ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል «ለሥዕሎቹ እናመሰግናለን» ይላል።

ደግሞ አነበበው። ሰው ስሙን በትልቁ ተጽፎ እያየ ከገጹ ሊጠፋ ይችላል ቢሉት አያምንም ነበር።

እህቱ ሳትሰማ አልቀረችም፣ ደወለች። «ምነው፣ የባሕር ተባይ በስምህ ወጣ አሉ። ደሞዝ ትከፍልሃለች?» ከኋላዋ እናታቸው ሲያለቅሱ ይሰማል። «ተዋት፣ ደስ ብሏት ነው። በዳነው ዓይኔ የሽሪምፗን ሥዕል ማየት አለብኝ እያለች ነው። ያቺ ልጅ ናት አይደል ስምህን ያወጣችው? እማዬ መቼ ነው የምታመጣት ትላለች።»

«አመጣታለሁ፣» አለ ጆሮ።

ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ አግኝተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቋሚው ቦታ ለመርፌ ተወስኗል። «አንተ አትዘን፣ አንተ ከሁላችንም በላይ ትኖራለህ። እኔም መጨረሻ ላይ ሐሳቧን ስትለውጥ ቅር አላለኝም፤ እንዲህ ያለ ስም ለወጣት ነው የሚያምር አልኩ፣» ብለውት፣ ሰው ጠርቷቸው ሄዱ። ጆሮ ያን ጊዜ የሰማውን አላስተዋለውም። ጆሮ የተባለ ሰው፣ ሰምቶ አላስተዋለም።

ከሰዓት በኋላ ብዕሮቹን እየጠረገ በሳጥን ሲከት መርፌ ገብታ በሩን ዘጋች። ቦርሳዋን ከወንበር ላይ አኖረች። አልተቀመጠችም።

«ተቆጥተሃል።»

«አላውቅም።»

«ስማኝማ። አንተን ከጽሑፉ አናት ባስገባህ ስምህን ልሰጣት አልችልም ነበር። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ወይ ገላጭ ነው ወይ ስም። ገላጭን ማን ያስታውሳል? ስም ግን ይኖራል። እኔና አንተ አፈር ከሆንን በኋላ እንኳ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ አንተን ይጠራል። ከዚህ የበለጠ ምን ልስጥህ?»

«ልትጠይቂኝ ትችይ ነበር።»

«ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ።»

«እላለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ያልጠየቅኩህ።»

«ጠየቅኩሽ እኮ። ገምጋሚው ነው አልሽኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው የውሸት አልነበረም፣ ያን ያህል ያውቃታል። «አባቴን ታውቃለህ። ሊወስደኝ ቀን ቆርጦ ነበር። ሁለታችንም ተጽፈን ዳይሬክተሩ አንተን ቢመርጡስ? እኔ የት ነበርኩ? አሁን ግን አለሁ። አለን።» ከጋውኗ ኪስ ቁልፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከብዕሮቹ አጠገብ አስቀመጠችው። «ከወደቡ አጠገብ ነው። ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው፤ ለሥዕል ብርሃን አለው። ዛሬ ማታ እንግባ።»

ጆሮ ቁልፉን አየው። እጁን ዘረጋና መዳፉን ላዩ ላይ አደረገ፤ ከኪሷ ሙቀት ገና አልበረደም። ሊያምናት ቸኮለ። እውነትም ስም ይበልጥ ይሆናል። እውነትም ከፍቅር ነው ያደረገችው፤ የቸኮለ፣ የፈራ፣ ግን ፍቅር። እናቱ ይስቃሉ፤ እህቱ ትቀልዳለች፤ እሱ በዚያ መስኮት ሥር ይስላል። ይቅር ብዬሻለሁ የሚለው ቃል ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

የዳይሬክተሩ ነገር አሁን ገባው። መጨረሻ ላይ ሐሳቧን ስትለውጥ። ሐሳቧን የለወጠች ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ሐሳብ ነበራት ማለት ነው። ስሙ ከመጀመሪያው ለእሱ የታሰበ ስጦታ ከሆነ ሁሉንም ይረሳል፤ ጽሑፉንም፣ ቦታውንም፣ ውሸቱንም። ከመጀመሪያው ካልሆነ ግን፣ ቋሚ ቦታ የሚሰጡትን ዳይሬክተር ልታስደስትበት ያዘጋጀችውን ስጦታ፣ ኋላ ጸጸት ሲይዛት ነው ለእሱ ያዞረችው።

መዳፉን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ቀና አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፣ ረጋ ያለ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኔ እናቴን ሳስታምም ጽሑፉን መጀመሪያ ስትልኪው፣ የሽሪምፗ ስም የማን ነበር?»

መርፌ አየችው። አፏን ከፈት አደረገችና ትንፋሿን ያዘች። እሱም ያዘ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ከእጁ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበችው። ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ዘጋችው።