የክንዷ አይጥ

ፀጉር ሠሪዋ ከደረጃ ወድቃ የሰበረችው ቀኝ እጇ ከጀሶ ሲወጣ፣ ክንዷ ከመመንመኑ የተነሳ የሌላ ሰው መሰላት። ማበጠሪያ ማንሳት አቃታት። በእጇ ሠርታ ለምታድር ሴት ይህ ቀላል አይደለም፤ አለቀሰች።

እጇን እንዲያሠራት የተመደበው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ክንዷን ከሥር ደግፎ «ጡንቻን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» አላት።

«ማስል።»

«ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ ትንሽዬ አይጥ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ክንዳቸውን ሲያጥፉ ከቆዳቸው ሥር አይጥ ሽው የምትል መስሏቸው ነው አሉ። ያንቺዋ ጉድጓዷ ገብታ ተኝታለች። ቀስ ብለን እንቀሰቅሳታለን።»

ከወደቀች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታው «አይጢት እንዴት አደረች?» ሆነ። ሲያማት አይቸኩልም፣ ሲያቅታት አይቆጣም። እጇ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ከእሷ ይልቅ እሱ ይደሰታል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከየት ተገኘ እያለች ስትገረም፣ ለካ ልቧ ቀድሟት ሄዷል።

ክንዷ ጠና። ጭንቅ የመጣው ያኔ ነው፤ ዳነች ማለት ወደ እሱ መምጣቷ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ቦታ የፀጉር ማድረቂያ ስታነሳ የምትውለው ሴት፣ እሱ ፊት የውኃ ኮዳ ከበዳት።

አንድ ቀን ምስጢሯን የምታውቀው ታላቅ እህቷ አብራት መጣች።

«እስኪ አንሺው» አለ ባለሙያው ኮዳውን እያስጠጋ።

«አልቻልኩም።»

«እውነቷን ነው፤ ማበጠሪያ እንኳ ከእጇ ይወድቃል» አለች እህት፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ።

ሳቁ አመለጠው። «ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ።» ክንዷን በጣቱ ነካ አደረገ። «ይቺ እኮ መሮጥ ከጀመረች ሰነበተች።»

ፀጉር ሠሪዋ የምትገባበት ጠፋት። «ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

ከክንዷ ሥር የነበረውን ፎጣ አጣጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው።

«ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር ታካሚ አይጠየቅም። ድነሻል ብዬ ሳሰናብትሽ ደግሞ በዚያው እንዳትቀሪብኝ ፈራሁ።»

እህት ቦርሳዋን አንስታ «እኔ ውጭ ነኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ ኮዳውን በቀኝ እጇ ብድግ አድርጋ ከራሷ በላይ ያዘችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ይኸው ድኛለሁ» አለችው። «ጠይቀኝ።»