የከሰረችው እመቤት ሰዓት

«ሽማግሌው ብሎኑን ሳያጠብቅ ረስቶት ነው» አለ ካፒቴኑ።

መጀመሪያ ያለው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። በቀብሩ ላይ ደገመው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አገጩ ሳሙና እንደተቀባ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አለው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና፣ ማክሰኞ ላይ የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ረቡዕ ዓይኑም ጠፋ ተባለ። ሽማግሌው መካኒክ ግን ይህን ሁሉ ቀን ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በማይንቀጠቀጥ እጁ ጥፍሮቹን በሽቦ ብሩሽ ይፈትግ ነበር።

የሞተው መምህሩ ነው። አርባ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ባለ ሁለት በር ግራጫ መኪና የነበረው ሰው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤቱ ጓሮ ካለው መጋዘን መኪናውን አስነስቶ ወጣ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ አጥሩን ጥሶ ገደል ገባ። የፊት ግራ ጎማው የፍሬን ቱቦ ብሎን ላልቶ፣ ዘይቱ ፈስሶ አልቆ ተገኘ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ መኪናው የዋለው ደግሞ ሽማግሌው ጋ ነው። ፋይሉ ላይ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል በእርሳስ ተጽፎ አንድ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ፊርማው ካረፈ ሽማግሌው በሰባ አንድ ዓመቱ እስር ቤት ይወርዳል፤ ሃምሳ ዓመት ያቆመው ስሙም አብሮት ይወርዳል።

ፋይሉ የተሰጣት መርማሪ፣ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» የሚሏት ሴት ናት። እግሯ ያብጣል፤ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር ማውለቅ ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ያለቀ ፋይል ሲሰጧት ከሌላው ሁሉ የባሰ ይደክማታል፤ አለማለቁን ገና ሳትከፍተው ታውቀዋለችና።

ረቡዕ ጠዋት የመኪናውን ስብርባሪ ለማየት ሄደች። የመኪና ነገር አታውቅም። ስለማታውቅም ማንም የማያየውን አየች፤ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ክብ ሰዓት። ባትሪው በግጭቱ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ሰዓቷ ደግሞ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ቆማለች። አደጋው የደረሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ጻፈችው።

ከዚያ ሽማግሌው ጋራዥ ሄዳ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«ዓርብ ምን ሠሩለት፣ ጋሼ?»

«ፍሬኑን ፈትሼ አጠበቅሁ። ሞተሩን ነካካሁት። ሰዓቱን ጠገንኩ።»

«ሞተሩን ነካካሁት» የሚለውን ጻፈችና አለፈችው። እንደ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታ ላይ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ሞተር የሚያስነኩት ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰዓቱ ላይ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ሰዓቱን ለምን?»

«የእነዚህ መኪኖች ሰዓት ሠርቶ አያውቅም። ባለቤቶቹም ማየት ትተዋል። መምህሩ 'ስትዞር አይቻት ልሙት' ይለኝ ነበር።» ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጠ። «አያት።»

«በስንት ሰዓት አስተካከሏት?»

«መኪናውን ሲረከበኝ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ማዞሪያዋ ስብር ነው፤ ከኋላ በኩል በመፍቻ ካልሆነ አትነካም።»

«ባትሪው ቢነቀልስ?»

«ትቆማለች። ሲሰካ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መምህሩ ደግሞ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ባትሪውን ይነቅላል። እሱም፣ ካፒቴኑም፣ ፋርማሲስቷም፣ ሦስቱም እንደዚያ ናቸው። ካልነቀሉት መኪናዋ እስኪነጋ ድረስ ባትሪውን ጠጥታ ትጨርሰዋለች።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋላት። እንደ ጠረጴዛ ጸጥ ያለ እጅ ነው።

«ይንቀጠቀጣል ብለውሻል፣ ልጄ?»

«ብለውኛል።»

«እንግዲህ ይጀምር ይሆናል። ሲወራብሽ ከርሞ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ።»

ከጋራዡ ወደ ፋርማሲው ሄደች። ከሦስቱ ጓደኛሞች አንዷ ፋርማሲስቷ ናት፤ የእሷ መኪና ቀይ ነው፣ የካፒቴኑ ጥቁር አረንጓዴ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መኪና ነድተው፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ያሳድራሉ።

«ሌላ መኪና ጠፍቶ ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ።» ፋርማሲስቷ ብልቃጥ እየደረደረች ነው። «ለእሽቅድምድም ወፍራም፣ ለቤተሰብ ጠባብ ናት። ሻጮቹ እንኳ 'የከሰረች እመቤት' ነው የሚሏት። ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድተዋት ሲወርዱ ወገብዎን አያምዎትም። በመቶ ሃያ እየከነፈች በሹክሹክታ ያወራሉ። ለረጅም መንገድ ነው የተሠራችው። ይህ የገባው መምህሩ ብቻ ነበር፤ እኛ ዳገት እናስሮጣታለን።»

«ካፒቴኑስ?»

«ካፒቴን የተባለው መርከብ ነድቶ እንዳይመስልዎት። መሬት ቀያሽ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ኮረብታው ጫፍ ላይ ማንም ቀድሞት ስለማያውቅ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህሩ ሞተሩን ሊያስነካ ነው ሲባል ግን ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ የሙቀት መለኪያ ላመጣለት ነበር።»

«ዓርብ አመሻሹ ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ተረኛ ነበርን። ሰልፉን የቆመ ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ ግማሹ እስካሁን ይረግመኛል። መምህሩም 'ሰዓቷ ዞረች' ሊለኝ ሲደውል መድኃኒት እየሸጥኩ ነበር።»

መጋዘኑን የከፈተችላት የመምህሩ ባለቤት ናት። ዓይኗ ማልቀስ ጨርሶ ደርቋል። ባሏ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መኪናውን አግብቶ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ እጁን ታጥቦ እንደገባ ነገረቻት። ከዚያ ልጃቸው ቤት ሄዱ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቤቱ ባዶ ነበር። ይህን ሁለቱም ጓደኞቹ ያውቃሉ። የመጋዘኑ ቁልፍ በየእጃቸው ነው። የመኪኖቹ ቁልፍ ደግሞ እሳት ቢነሳ የደረሰው ሰው ሁሉንም እንዲያወጣ ተብሎ ሚስማር ላይ ይሰቀላል።

መርማሪዋ ግራጫው መኪና ይቆምበት የነበረውን ቦታ አየች። የግራ ጎማው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆመው፤ መሐላቸው መዳፍ አያስገባም። ወለሉ ደረቅ ነው። ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ማንም መኪና በማያቆምበት መሐል ላይ ግን፣ ሰጋቱራ ተበትኗል። በጫማዋ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ዘይት አለ።

«ያ አረንጓዴው ለምን ተሸፈነ?»

«ካፒቴኑ ዓርብ አለበሳት፤ ከዚያ ወዲህ አልገለጣትም። 'አንጀቴ አልቻለም' ይላል።»

መርማሪዋ የሸራውን ጫፍ አንስታ አየች። መልሳ አለበሰቻት።

ካፒቴኑ የመርማሪዋን መምጣት ሰምቶ ሲደርስ በሩ ላይ ተገናኙ። የተወለወለ ጫማ፣ የተላጨ አገጭ።

«ይኸው ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌው ብሎኑን ረስቶት ነው።»

«ዓርብ እዚህ መጥተው ነበር?»

«አምስት ደቂቃ። መኪናዬን ላለብሳት።»

«የመምህሩን መኪና ነክተዋል?»

«የሰው መኪና አልነካም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«ሰዓቷ ትሠራ ነበር?»

ካፒቴኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የእነዚህ መኪኖች ሰዓት ከፋብሪካው በር ሲወጣ ነው የሞተው። እሱን የሚያይ እንደርስዎ ያለ አዲስ ሰው ብቻ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች፤ «አዲስ ነኝ።»

ሐሙስ ጠዋት አራቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ባለቤቲቱን፣ ፋርማሲስቷን፣ ካፒቴኑንና ሽማግሌውን። ሽማግሌው መፍቻ ሳይዝ ስለመጣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። እሷ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«ቆሜ አልናገርም፤ እግሬ አይችልም። ሰዓቷ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስተካከለች። መምህሩ ሃያ ደቂቃ ነድቶ እዚህ ደረሰና ባትሪውን ነቀለ። ሰዓቷ ዘጠኝ ከሃያ ላይ ቆመች ማለት ነው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪውን ሰክቶ ወጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደቀ። ዘጠኝ ከሃያ ላይ አሥራ አምስት ሲጨመር ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት» አለች ፋርማሲስቷ።

«እኔ ያገኘኋት ግን አሥር ከሃያ ላይ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ትርፍ አለ። መምህሩ ልጁ ቤት ሳለ አንድ ሰው ባትሪውን ሰክቶ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደነበረው ነቅሎ ሄዷል።»

«የተበላሸ ሰዓት!» አለ ካፒቴኑ።

«ዓርብ ነው የጠገንኩት» አለ ሽማግሌው በቀስታ። «የእኔን ሥራ ስትጠራው ደግመህ አስብ።»

መርማሪዋ ቀጠለች። «ሰውየው ባትሪውን የሰካው ለምንድን ነው? የግራው ጎማ ግድግዳው ሥር ስለሆነ እጅ አይገባም። መኪናውን አስነስቶ ወደ መሐል ማውጣት ነበረበት። እዚያ በክሪክ አነሳው፣ ጎማውን ፈታ፣ ብሎኑን አላላ። ዘይት ፈሰሰ፤ ሰጋቱራ በተነበት። ብሎኑን የረሱት ጋሼ ቢሆኑ ኖሮ፣ ማንም በማያቆምበት መሐል ላይ ዘይት ባልፈሰሰ፣ ሰጋቱራም ባልተበተነ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።»

ባለቤቲቱ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የሰዓቷን መጠገን መምህሩ በስልክ ለፋርማሲስቷ፣ በእራት ላይ ለባለቤቱ ነግሯል። የሚያውቅ ሰው ሽቦዋን ሳይነቅል መኪናውን አያስነሳም። ያደረገው እሷን ማየት የተወ ሰው ነው። ካፒቴን፣ መኪናዎን ይግለጧት።»

«እሷ ምን አደረገች?»

«ይግለጧት።»

ሸራውን ሳበው። ከጎማዋ በላይ ባለው የግራ ፓራፋንጎዋ ላይ፣ በዚያ እንደ ጥልቅ ውኃ በሚያበራው አረንጓዴ ላይ፣ አራት ጣትና አንድ መዳፍ ነበር። ቀለሙ አብጦ፣ ተኮማትሮ፣ ጣቶቹ ባረፉበት እስከ ብረቱ ተልጧል።

«የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል» አለ ሽማግሌው። «አንድ ቀን ይበቃዋል።»

«በሁለቱ መኪኖች ጠባብ መሐል ሲወጡ ተደገፉባት» አለች መርማሪዋ። «ከዚያም ሸፈኗት።»

ካፒቴኑ ጣቶቹን ወደ ጣቶቹ ምልክት አስጠጋ፤ ሳይነካው አቆመ።

«ቀለሟ...» አለ።

የመምህሩ ባለቤት ፊቷን አዞረች። ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

ካፒቴኑ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እንዲሞት አይደለም። በሩ ላይ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ይሰምጥበታል፣ ይመለሳል ብዬ ነው። አንድ ቅዳሜ እንዲቀር ብቻ። አሥራ ሁለት ዓመት...»

«መምህሩ በሩ ላይ ፍሬን አይዝም» አለ ሽማግሌው። «በማርሽ ነበር የሚያበርዳት። ለፍሬኗ ይሳሳላት ነበር። መጀመሪያ የረገጠው ቁልቁለቱ ላይ ነው።»

«ጋሼንስ ለምን?» አለች እሜቴ ለምን።

ካፒቴኑ የያዘውን ሸራ ለቀቀው። «አንዴ ከአፌ ወጣ። ከዚያ ሰው ሁሉ አመነኝ።»

በማግስቱ «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል በላጲስ አጥፍታ፣ ፋይሉን አስረክባ፣ በምርመራው ሰበብ ተወስዶበት የነበረውን የሽማግሌውን የሥራ ፈቃድ ልትመልስለት ጋራዡ ሄደች። አንድ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ ፈቃዱን ሳያየው ኪሱ ከተተ። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጣት። ሁለት ትንንሽ የነሐስ ቁራጮች ናቸው፤ መሐላቸው ቀዳዳ አለው።

«የመምህሩ ናቸው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚመጥኑ። ለባለቤቱ ልስጣት ብዬ ነበር፤ ምን ታደርጋቸዋለች።»

«ዓርብ ያወጧቸው ናቸው? በምን ተኳቸው?»

«በትንንሾች፤ ነዳጁ ሲቀንስ ጉልበቷም ይቀንሳል። ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ሐኪሙ አስጠንቅቆታል። 'አስታግስልኝ፣ ከእንግዲህ በዝግታ ረጅም መንገድ ልንዳት፣ ለማንም አትንገር' አለኝ። ነዳጅ መስጫውም ሥር ከግማሽ በላይ እንዳይወርድ እንጨት አስሬለታለሁ።»

መርማሪዋ ደብተሯን ገለጠች። «ሞተሩን ነካካሁት» ይላል፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ምንም የለም።

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም የጠየቃችሁኝ ስለ ፍሬን ነው።»

ነሐሶቹን መዳፏ ላይ አገላበጠቻቸው። ቀላል ናቸው።

«እና ቅዳሜ ኮረብታውን ተሽቀዳድመው ቢወጡ ኖሮ?»

ሽማግሌው መኪናው ሥር ተመልሶ መግባት ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ወጣ።

«ካፒቴኑ ይቀድም ነበር። በጣም ርቆ።»