ያልታየው ግሬደር

በከተማው የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ክፍል አለ። መስኮቱ አይከፈትም፤ ከወንበሮቹም አንዱ እግሩ ስለሚነቃነቅ አውቆ የሚቀመጥበት የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ አንድ መሐንዲስ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ፣ ከተጫራች ሻይ እንኳ የማይጠጣ፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነው። ነገር ግን ደክሞታል። ጉልበቱ ደክሟል፣ ስብሰባው አድክሞታል፣ መከራከር ደግሞ ከሁሉ የባሰ አድክሞታል። ለጡረታ ስድስት ወር ስለቀረው ሐሳቡ ሁሉ በሰላም መውጣት ብቻ ነበር።

ኮሚቴው አንድ ልማድ ነበረው። መመሪያው ገምጋሚዎቹ ተጫራቹ አሉኝ የሚላቸውን ማሽኖች ግቢው ድረስ ሄደው በዓይናቸው አይተው እንዲፈርሙ ያዛል። እነሱ ግን መሄድ ከተዉ ቆይተዋል። አንድ ቀን መኪና ይጠፋል፣ ሌላ ቀን ነዳጅ ይጠፋል፣ ሁለቱ ሲገኙ ሾፌሩ ይጠፋል። ስለዚህ ተጫራቹ ፎቶግራፍ ያመጣል፤ እነሱም ፎቶውን አይተው «በቦታው ተገኝተን አረጋግጠናል» የሚለው ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ማንም ክፉ አስቦ የጀመረው አልነበረም። መጥፎ ልማድ እንደ እንግዳ ገብቶ ውሎ አድሮ የቤቱ ጌታ ይሆናል።

የገበያው መንገድ እንዲሰፋ ጨረታ ሲወጣ ሦስት ድርጅቶች ቀረቡ። መሐንዲሱ ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ ዓይኑ አንድ የመንገድ መደልደያ ግሬደር ላይ አረፈ። የቀኝ መብራቱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የሌላውን ድርጅት ሰነድ ገለጠ። ያው የተሰበረ መብራት፣ ያው ሽቦ፤ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው።

«ይሄ ማሽን የማን ነው? ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ» አለ። «ሄደን ብናየው ይሻላል።»

ሰብሳቢው በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ቀልጣፋና ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። «ጋሼ ደግሞ! ግሬደርና ግሬደር መቼም መንታ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ካልወሰንን መንገዱ ለከርሞ ነው። ሕዝቡ የሚፈልገው መንገድ ነው ወይስ የእርስዎን ጥርጣሬ?»

ሦስተኛዋ የኮሚቴ አባል፣ የሒሳብ ባለሙያዋ፣ አንገቷን ደፍታ ቅጹ ላይ ፈረመች። መሐንዲሱ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የሚቀረውን ክርክር ሲያስበው ግን መልሶ ዘጋው። «ይሁን እስቲ» ብሎ ፈረመ።

ከሁለቱ ያሸነፈው ድርጅት በኪራይ ኤክስካቫተር አሥር ቀን ቆፈረ። አጥሮቹን አፈረሰ፣ የሱቆቹን በረንዳ አነሳ፣ በቤቶቹ ደጃፍ የሰው ቁመት የሚያህል ቦይ ከፈተ። ከዚያ አከራዩ ማሽኑን ወሰደበት። የራሱ የሚባል ማሽን አልነበረውም፤ ያ ግሬደርም የሰው ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ቦዩም ሞላ።

ከተማው ውሉን ላፍርስ ቢል ድርጅቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተፈረመውን ቅጽ አወጣ። «ማሽን የለህም ይሉኛል፤ ሦስት ሰዎቻቸው ግን አይተናል ብለው ፈርመዋል» አለ። ነገሩ እዚያው ተቋጠረ፤ መንገዱም ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

«በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ጋሼ» አለ ሰብሳቢው መሐንዲሱን ለብቻው ጠርቶ። «ለመውጣት ሁለት ወር ነው የቀረዎት። አላየንም ካልን ሦስታችንም እንጠየቃለን፤ ጡረታዎም ጣጣ ውስጥ ይገባል።»

በዚያ መንገድ ላይ የመሐንዲሱ ታላቅ እህት ልብስ ትሰፋ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሱን አሳድጋ ያስተማረችው በስፌት መኪናዋ ነው። ደንበኞቿ ቦዩን መሻገር አቅቷቸው ሲቀሩ፣ ያለቀውን ልብስ ራሷ ልታደርስ በሳንቃ መሻገር ጀመረች። አንድ ጠዋት ሳንቃው አዳለጣትና ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። አምቡላንሱ መግባት ስላልቻለ ጎረቤቶቿ በር ነቅለው በእሱ ተሸክመው አወጧት።

መሐንዲሱ ሆስፒታል ሲደርስ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ አገኛት።

«አንተ የእነሱ ሰው ነህ፣ እስቲ ንገረኝ» አለችው። «የፍርድ ቤቱ ወሬ ሰፈራችን ደርሷል። ማሽን ለሌለው ሰው መንገዳችንን ማነው የሰጠው? አይቻለሁ ብሎ የፈረመው ዓይን የለውም?»

ሊሸፋፍነው ይችል ነበር። ነገር ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ሳላይ ፈረምኩ።»

«ጉቦ በልተህ?»

«ኧረ በፍጹም! ደክሞኝ ነው እንጂ።»

«ደክሞኝ ነው አልክ» አለች። «አንተን ሳስተምር እኔ የማይደክመኝ መስሎህ ነበር? ደክሞኛል ብዬ የሰው ልብስ ያለ ቁልፍ ሰጥቼ አላውቅም።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት መሐንዲሱ ኮሚቴው ፊት አንድ ወረቀት አነበበ። «ወደ ድርጅቱ ግቢ አልሄድኩም። አንድም ማሽን በዓይኔ አላየሁም። ጥርጣሬ እያለኝ አረጋግጫለሁ ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው።» ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሳ። «ጡረታዎስ ጋሼ? ኧረ ለራስዎ ይዘኑ!» መሐንዲሱ ፈራ፤ ቢሆንም ፈረመ። የሒሳብ ባለሙያዋ ወረቀቱን ስባ ከሥሩ «እኔም አልሄድኩም» ብላ ጻፈች።

በዚያ ወረቀት የተነሳ ውሉ ፈረሰ፤ ሥራውም እንደገና ለጨረታ ወጣ። መሐንዲሱ ከኮሚቴው ታገደ፤ ያለ ሽኝት ወጣ፤ የጡረታው ጉዳይም እስካሁን በምርመራ ላይ ነው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከተማ የሚጎዳው በሌባ ብቻ ቢሆን ሌባውን ይዘን በተገላገልን ነበር። ሌባው የሚያልፈው ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ደግ ሰው «ይሁን እስቲ» ሲል ነው። የደከመው ሰው ደክሞኛል ብሎ ወንበሩን ይልቀቅ፤ ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ግን አይፈርም።

ቦዩ ገና አልተደፈነም። እህቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ መሐንዲሱ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያሻግራታል። በመጀመሪያው ቀን ሳንቃው ላይ ሲደርሱ ቆም አለች።

«ገና ይቅር አላልኩህም» አለችው፤ ክንዱን ግን አጥብቃ ያዘች።