እትዬ እስክትጠራን

ይሄ ታሪክ እውነት ነው።

አንብባችሁ ስትጨርሱ «ፈጠራ ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በሉ። እኔ ማስረዳት ሰልችቶኛል። የገዛ ባሌን እንኳ ማስረዳት አቅቶኛል።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ... እንደዚያ ዓይነት ነገር አትጠብቁ። ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሁሉ ልብሱን አውልቆ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ተዘርሯል።

እኔ ግን ልጄን ይዤ የተቃጠለ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሥራዬ ስለሆነ ነው።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው፤ «ሚጢጢ» እንላታለን። የምትማረው እኔው ክፍል ነው። ሌሎቹ ልጆች «ቲቸር» ይሉኛል። እሷን «ክፍል ውስጥ እንኳ ቲቸር በይኝ» ብላት ብሠራት፣ ወይ ፍንክች! «እማዬ ነሽ» ትላለች፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ።

ያናድደኝ ነበር።

ያ ሲኒማ ቤት የተቃጠለው እኔ ሳልወለድ ነው። አገር ሁሉ ያውቀዋል። የተቃጠለበት ቀን በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ዝም ሲል፣ እናቴ የያዘችውን ነገር አስቀምጣ ቀጥ ብላ ስትቆም እያየሁ ነው ያደግኩት። እንደምንም ብለን ለእረፍት ሲኒማው ያለበት የባሕር ዳርቻ ከተማ ከሄድን፣ ሳላየው አልመለስም አልኩ።

«እረፍት ወጥቶ ለቅሶ ቤት!» አለ ባለቤቴ። «ምን አለ እንደ ሰው ጋደም ብለን ብንውል?»

«አንተ ጋደም በል።»

«እኔ ጋደም ብል ማን ይነዳሻል?»

እያጉረመረመ መኪናውን ጥላ ሥር ሊያቆም ሄደ። እኔና ሚጢጢ ቀድመን ወደ በሩ ሄድን።

በሩ ላይ አንዲት ጠባቂ ተቀምጠዋል። በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ናቸው። ወንበራቸው ከደጃፉ ውጪ ነው፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ። ትንሽ ወደ ውስጥ ቢያስጠጉት ጥላ ነበር።

«እማማ፣ ሐሩሩ አልበዛብዎትም? ገባ ቢሉ...»

«ለምጄዋለሁ» አሉ። ወደ ውስጥ ግን ዞር ብለው አላዩም።

ያዩት ልጄን ነው። ብዙ አዩዋት።

«ይዘሻት ነው የምትገቢው?»

«አዎ።»

«እጇን አትልቀቂ። ደግሞ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውስጥ ሰው አይጠራም።»

«እንዴት ማለት?»

«"ነይ"፣ "ተነሱ"፣ "እንሂድ"... እንዲህ አይባልም። ስትጨርሺ ዝም ብለሽ፣ እጇን ይዘሽ መውጣት ነው።»

ለሟቾቹ ክብር መሰለኝ። «እሺ» ብዬ ገባሁ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጠቁሯል። እሳቱ የበላው መድረኩን ብቻ ነው፤ ሰዉን የፈጀው ጭሱ ነው። ስለዚህ ወንበሮቹ እንዳሉ አሉ። ታውቁት የለ የሲኒማ ወንበር? ሲነሱበት በራሱ ወደ ላይ የሚታጠፈው።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሽታው ነው።

የጭስ ሽታ አይደለም። የምሳ ዕቃ፣ የእርሳስ ፍቅፋቂ፣ ላብ የጠጣ ካልሲ... ጠዋት ክፍሌን ስከፍት የሚሸተኝ ሽታ ነው። የሕፃናት ክፍል ሽታ።

«ልብስሽ ላይ ይዘሽው ዞረሽ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ሰው ሲፈራ ለራሱ የማይነግረው የለም።

ቀጥሎ ወንበሮቹን አየሁ። ሁሉም ወደ ላይ ታጥፈዋል። መሀል ላይ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ አልታጠፈም። እንደተዘረጋ ነው።

ሰው የተቀመጠበት ይመስል።

ሞላው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ብርድ ብርድ ስላለኝ ሹራቤን ከቦርሳዬ ላውጣ ብዬ የሚጢጢን እጅ ለቀቅኩ።

ለአፍታ ነው።

ቀና ስል የለችም።

ልጠራት አፌን ከፍቼ... የሴትዮዋ ነገር ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ።

አየኋት። እዚያ ረድፍ መሀል ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። ባዶ ወንበሮቹ ላይ። ጣቶቿ ግን ተጨብጠዋል፣ የሆነ ነገር እንደያዙ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እሽሽ... እየጠበቅን ነው።»

«ማንን?»

«እትዬን።»



እናቶቻችን ተማሪ ሳሉ ነው ሴት አስተማሪ «እትዬ» ትባል የነበረው። ዛሬ የትኛው ሕፃን ነው እንዲህ የሚል? እኛ ቤትም፣ ጎረቤትም፣ ትምህርት ቤትም «እትዬ» የምትባል ሰው የለችም። ልጄ ቃሉን ከየት አመጣችው?

ዘልዬ ሄጄ በብብቷ ይዤ አነሳኋት። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ደረጃ የማወጣት ልጅ ናት። ገላዋ ተነሳ...

እጆቿ ግን ቀሩ። ግራና ቀኝ ተወጥረው።

«እማዬ ያመኛል! ይዘውኛል እኮ!»

«ማነው የያዘሽ?»

«እሷም፣ እሱም። እትዬ ሳትጠራን አንነሳም አሉ።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ጠባቂዋ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ እግራቸው ግን ውጪ ነው።

«እማማ! ይግቡና ያግዙኝ!»

«አልገባም።»

«ልጄ እኮ ናት!»

«አልችልም፣ የኔ ልጅ። አልችልም። ያን ቀን... አንዲት አስተማሪ ተማሪዎቿን ፊልም ልታሳይ አምጥታቸው ነበር። ጭሱ ሲመጣ መውጫ ልፈልግ ብላ ወጣች። "እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ መጥቼ እስክጠራችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ" ብያቸው...»

«ብያቸው» ነው ያሉት፣ «ብላቸው» አላሉም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

«ጨዋ ልጆች ነበሩ። ሲገኙም እንደተቀመጡ ነው። እጅ ለእጅ።»

«ተመልሳ አልጠራቻቸውም?»

መቃኑን ለቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

ሚጢጢ ማሳል ጀመረች።

ጭስ የለም። እምላለሁ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የትንባሆ ጭስ ያህል እንኳ የለም። እሷ ግን ታስላለች። ዓይኗ ቀላ፣ እንባዋ ወረደ።

«እማዬ... ጭሱ አቃጠለኝ...»

ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ።

«እማማ፣ ምን ላድርግ?! ልጥራቸው?»

«እንዳታደርጊው!» ሴትዮዋ ከውጪ ጮኹ። «የጠራቸው ሰው ነው የሚያስረክባቸው!»

ይሄ ደግሞ የእኛ ሥራ ሕግ ነው። ሴትዮዋ እንዴት አወቁት? ልጅ ከክፍል ያወጣች አስተማሪ በእጇ ለወላጅ ሳታስረክብ ወደ ቤቷ አትሄድም። ይዝነብ፣ ይምሽ፣ ወላጅ ይቅር፣ ትጠብቃለች። ስንቀጠር የሚነግሩን የመጀመሪያው ነገር ነው።

ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልጄ ዓይኔ እያየ ታፍና ልትሞትብኝ ነው!

ቀና ብዬ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በማወጣው ድምፅ፣ የምለውን አልኩ።

«ልጆች! ጨርሰናል! እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ፣ ሳትጋፉ፣ ከኋላዬ ኑ!»

ጸጥታ...

ከዚያ ከረድፉ ጫፍ አንዱ ወንበር በራሱ ታጠፈ።

ጧ!

ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ጧ!

ጧ! ጧ! ጧ! እያለ ወደ ልጄ መጣ። እሷም ተነሳች፣ ወንበሯ ከኋላዋ ታጠፈ። ሳሏ ቆመ። ቀኝ እጇን ሰጠችኝ።

ግራ እጇ ግን ወደ ኋላ ተዘርግቷል።

አልሮጥኩም። መሮጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔ ከሮጥኩ እነሱም ይሮጣሉ። ሳትጋፉ ብያቸዋለሁ። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከኋላዬ የትንንሽ ጫማ ድምፅ ይሰማኛል። ኮሽ... ኮሽ... ኮሽ...

ከመሀል አንዱ አነጠሰ።

«ይማርህ» አልኩ። ልማድ ነው፣ ከአፌ አመለጠኝ!

አንድ ሰው ሳቀ። የሕፃን ሳቅ።

በሩ ጋ ስደርስ ሚጢጢን አቀፍኳትና ዞር ብዬ ቆምኩ። ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ። ማንም አይታየኝም። ቀሚሴ ግን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይላል። ልጆች እየታከኩት እንደሚያልፉ።

ከዚያ ቀሚሴ ጸጥ አለ።

ጠባቂዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በሻርፓቸው ተሸፍነዋል።

«ወጡ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ወጡ... መሰለኝ።»

ሻርፑን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ጎተቱት።

«ስለ እኔ... ጠየቁ?»

ያኔ ነው የገባኝ፤ አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው። አሳዘኑኝ፤ ግን ፍርሃቱ በለጠብኝ። ልጄን አቅፌ ሩጫ!

ባለቤቴ መኪናው ውስጥ መሪውን እየደበደበ ይጠብቃል።

«ምነው? ማን አባረራችሁ?»

«ንዳ!»

«እረፍት አስመስለሽ...»

«ንዳ አልኩህ!»

ነዳ። ትንሽ እንደሄድን ግንባሩን ቋጠረ። ጥግ ይዞ ቆመ። ወርዶ የኋላ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ።

«ጎማው ደህና ነው» አለ። «ግን ኋላው ከብዶኛል። ሙሉ የጫነ አውቶቡስ እኮ ነው የመሰለኝ። ምን ጫንሽብኝ?»

እሱ እየቀለደ ነው። እኔ ወደ ኋላ ማየት አልደፈርኩም። ሚጢጢ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጥግ ድረስ ተጠግታ ተቀምጣለች።

ለሌላ ሰው ቦታ እንደለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተፈጠረም። እውነቴን ነው። በላች፣ ተኛች፣ አሸዋ ላይ ተጫወተች። «እማዬ፣ እማዬ» እያለች እንደወትሮዋ አሰለቸችኝ። ቤታችን ተመለስን። ለባለቤቴ ስነግረው «ሐሩሩ መትቶሽ ነው» አለኝ። እኔም ይሁን አልኩ። ደስ አለኝ እንጂ ምን ገዶኝ!

ትምህርት ቤት ተከፈተ።

የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወላጆች መጡ። አንድ በአንድ በእጄ አስረከብኩ። ክፍሉ ባዶ ሆነ፣ ሚጢጢ ብቻ ጥግ ላይ ሥዕል ትስላለች። ወለሉን ልጠርግ ትንንሾቹን ወንበሮች አንስቼ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኳቸው። ቆሻሻውን ልድፋ ወጣሁ።

ስመለስ ወንበሮቹ ወርደዋል።

ሁሉም። መሀል ክፍሉ ላይ፣ አንድ ረድፍ ሆነው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።

ሚጢጢ መሀል ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። ጣቶቿ ተጨብጠዋል።

ቀስ ብዬ ፊቷ ተንበረከክኩ።

«ሚጢጢዬ... ተነሺ የኔ ቆንጆ። ቤታችን እንሂድ።»

አየችኝ። ልጄ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ባዕድ ትልቅ ሰው እንደሚታይ፣ በትሕትና ነው ያየችኝ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እናቶቻችን ገና አልመጡም እኮ።»

«እኔ ነኝ እናትሽ! እማዬ ነኝ! እይኝ እስቲ!»

እንባዬ ተዘረገፈ። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ «እማዬ በይኝ፣ አንዴ ብቻ በይኝ» እያልኩ ለመንኳት።

እሷ ግን ቀስ ብላ ፊቷን ከእጄ አወጣች። ግራና ቀኟ ወዳሉት ባዶ ወንበሮች ዞር ዞር አለች።

«እሽሽ...» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ዝም በሉ። እትዬ እያለቀሰች ነው።»