ነጩ የቁልቋል አበባ

የባዮሎጂ መምህርቷ በትምህርት ቤቱ የዕፅዋት ቤት፣ ከበረሃ ተክሎች መደብ ሥር በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። ማጅራቷን የመታት የአበባ ሸክላ አጠገቧ ተሰባብሯል። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገብቶ ሬሳዋን ያገኘው ሁለተኛው የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ በሟቿ ላይ ባለው ቅናት እርር ድብን እንደሚል ያልሰማ ተማሪ የለም። ታዲያ ፖሊሶቹ ምን ይመራመራሉ? ካቴናውን አጠለቁለት።

መርማሪዋን ግን «ወፍጮ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ቀስ ብላ ትዞራለች፣ አድቅቃ ትፈጫለች።

«ትቀናባት ነበር?»

«እንዴታ! እኔ ሳስተምር ያንቀላፋሉ። እሷ ስለ እሾህ ስታወራ ተደውሎም አይወጡ! ግን ቀናሁ እንጂ አልገደልኩም።»

ወፍጮ ከረጅሙ ቁልቋል ላይ የተንጠለጠለ የጠወለገ አበባ አየች። «ይሄስ ምን ነካው?»

«ጊዜው አልፎ ነዋ። የበረሃ ቀን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሌሊት ፈክቶ የእሳት እራት ይጠራል። ጎህ ሲቀድ ይከደናል፣ ዳግም አይከፈትም።»

ከውጭ የሟች ባል፣ ታክሲ ነጂው፣ ደረቱን ይደቃል። «ማለዳ ወጣች፣ ቁርሷን ይዤላት መጣሁ። ስሚኝ እህቴ፣ ደህና ነበረች! ያን ነጭ አበባ ታሸታለች፣ ሰሃን አክሎ ፈክቷል። ከኔ በኋላ ይሄ ምቀኛ ገባ!»

«ባልየውንስ ጠዋት ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁ» አለ ዘበኛው። «እሷ መቼ እንደገባች ግን እንጃ፤ የጓሮው በር ቁልፍ አላት።»

ወፍጮ ሦስቱንም ቁልቋሉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«አበባውን ፈክቶ አይቼዋለሁ አልክ?» አለችው ባልየውን።

«በዓይኔ በብረቱ!»

«አምንሃለሁ። ግን ይሄ አበባ ከፀሐይ ጋር አይተያይም። ፈክቶ ካየኸው ሌሊት ነው ያየኸው፤ እሷን ተከትለህ በጓሮ በር ገብተህ። ጠዋት ቁርስ ይዘህ የመጣኸው ዘበኛው እንዲያይህ ነው። ያኔ እሷ ሬሳ ነበረች።»

ባልየው ጣቱን በመምህሩ ላይ ቀሰረ። «ከሱ ጋር መስሎኝ ነው! ብቻዋን ቆማለች፤ እሱን እየጠበቀች ነው ብዬ…»

«እኔን?» አለ መምህሩ። «እኔ እኮ ሰላምታ እንኳ በግድ ነበር የምሰጣት!»

ወፍጮ ካቴናውን ከመምህሩ ፈትታ ለባልየው አጠለቀች። «ስትወጣ ምንም አላለችህም?»

ሰውየው ቀና ብሎ የጠወለገውን አበባ አየ።

«ብላኛለች። እጄን ጎተት አድርጋ ‹ተነስ፣ አንድ የማሳይህ ነገር አለ› አለችኝ። ልከታተላት ብዬ የተኛሁ መሰልኩ።»